ምርት የጫነ መኪና ከተማ ሲገባ፦ ለአዲስ ሾፌሮች የተዘጋጀ ትምህርት

ገበሬ መሬቱን አርሶ፣ ችግኙን ተክሎ፣ ውሃ አጠጥቶ፣ አረሙን ነቅሎ፣ ምርቱን ለቅሞ በሣጥን ካደረገ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን አላለቀም። ቲማቲም ወደ ገንዘብ የሚለወጠው ማሳው ላይ ሳለ ሳይሆን ከተማ ገብቶ ገዢው ቆጥሮ ሲረከበው ነው። በማሳውና በገዢው መካከል ያለው ሰው ደግሞ ሾፌሩ ነው። በአንድ መኪና ላይ የብዙ ቤተሰብ የወራት ድካም ይጫናል። ይህን አደራ የተቀበለ ሰው መሪ መያዝ ብቻ ማወቁ አይበቃውም።

መንጃ ፈቃድ አንድ ሰው መኪና መንዳት መቻሉን ይመሰክራል። በጠባብ ሰፈር ውስጥ ጭነት ማድረስን፣ በገበያ ሕዝብ መካከል ወደ ኋላ መሄድን፣ ዕቃ ቆጥሮ ማስረከብን ግን አያስተምርም። ስለዚህ ማኅበራችሁ መኪና ገዝቶ ወይም ተከራይቶ አዲስ ሾፌር ቢቀጥር፣ ወይም ከልጆቻችሁ አንዱ በዚህ ሥራ ቢሠማራ፣ ይህን ትምህርት አብራችሁ አንብቡት።

ለምሳሌ እንዲሆነን ከመቂና ከባቱ አካባቢ ተነሥቶ በሞጆና በቢሾፍቱ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን የቲማቲምና የሽንኩርት ጭነት እንወስዳለን። ከሱሉልታ ወተት ለሚያመላልስ፣ ወይም ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ሌላ ከተማ ምርት ለሚያደርስ ሰውም ሥርዓቱ ያው ነው። ትምህርቱ በሦስት ነገር ይጠቃለላል፦ ዝግ ብለህ ንዳ፤ ወርደህ እይ፤ ቆጥረህ አስረክብ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ምክር ለሾፌሩ የተጻፈ ስለ ሆነ «አንተ» እያልን እንናገረዋለን። የማኅበሩ አባሎች ድርሻ በመጨረሻ ተጽፏል።

1ኛ. ዝግጅቱ ከዋዜማው ይጀምር

ሌሊት ለመነሣት ያሰበ ሾፌር መኪናውን በቀን ብርሃን መመርመር አለበት። የጎማዎቹን ነፋስ፣ የሞተሩን ዘይትና ውሃ፣ ፍሬኑን፣ የፊትና የኋላ መብራቱን፣ ፍሬቻውን፣ ክላክሱንና ስፖኪዮውን አንድ በአንድ እይ። ትርፍ ጎማው፣ ክሪኩና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑ በቦታቸው መሆናቸውን አረጋግጥ። ፍሬኑ የሚያጠራጥር ከሆነ አትነሣ። ጎማ ቢተነፍስ መንገድ ላይ ይለወጣል፤ ፍሬን እምቢ ካለ ግን ሁለተኛ ዕድል የለም።

መንጃ ፈቃድህን፣ የመኪናውን ሊብሬ፣ የዓመቱን ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድኑን በአንድ ቦርሳ አድርገህ ያዝ። በአዲስ አበባ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ስለ ሆነ ስልክህ ባትሪ የሞላና ገንዘብ ያለበት ይሁን። የገዢዎቹን ስም፣ የስልክ ቁጥርና የሚረከቡትን የዕቃ ልክ በወረቀትም ጻፍ። ስልክ ቢጠፋ ወረቀቱ ያገለግልሃል።

ከሁሉ በላይ ግን ተኛ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚነሣ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ጫት እንቅልፍን ለጊዜው ያባርር ይሆናል እንጂ ድካምን ከሰውነት አያወጣም። መንገድ ላይ ዐይንህ ከከበደህ መኪናህን ከመንገዱ ውጭ አቁመህ ግማሽ ሰዓት ተኛ። ግማሽ ሰዓት የዘገየ ቲማቲም ይሸጣል፤ የተገለበጠ ቲማቲም አይሸጥም።

2ኛ. የአጫጫን ሥርዓት

በመጨረሻ የምታወርደውን አስቀድመህ ጫን፤ በመጀመሪያ የምታወርደው ከበሩ አጠገብ ይሁን። ይህን ያልጠበቀ ሾፌር በየመቆሚያው የአንዱን ዕቃ አውርዶ የሌላውን ሲፈልግ፣ አውርዶም መልሶ ሲጭን፣ ጊዜው ያልቃል፤ ቲማቲሙም በመነካካት ይቆስላል።

ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ክብደቱም ወደ አንድ ጎን አያጋድል። የቲማቲም ሣጥን ከአፉ በላይ መሞላት የለበትም። ከአፉ በላይ ከሞላ የላይኛው ሣጥን የሚያርፈው በታችኛው እንጨት ላይ ሳይሆን በፍሬው ላይ ነው፤ የታችኛው ረድፍ ከተማ ሲደርስ ጭማቂ ሆኖ ይገኛል። ሽንኩርት ደረቅና ነፋስ የሚያገኝ መሆን አለበት። የበሰለ ቲማቲምና ሙዝ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህም ጎመንና ሰላጣን ቶሎ ቢጫ ያደርጋል። ስለዚህ አብረው የሚጫኑ ከሆነ አራርቃቸው። መኪናው ትናንት ማዳበሪያ ወይም የተባይ መድኃኒት ጭኖ ከነበረ የሚበላ ነገር ከመጫንህ በፊት በደንብ ታጥቦ ይድረቅ።

ሸራውን ስታለብስ በሸራውና በሣጥኑ መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ተው። ገመዱን አጥብቀህ እሰር፤ ጥቂት ከተጓዝህ በኋላም ቆመህ እንደገና አጥብቀው፤ ጭነት ሲንገጫገጭ ገመድ ይላላልና።

የጭነቱ ልክ በሊብሬው ላይ ተጽፏል። ስትቆጥር ባዶውን ሣጥን አትርሳ። አንድ ባዶ ሣጥን 4 ኪሎ ቢመዝን 100 ሣጥን 4 ኩንታል ይሆናል። ከልክ በላይ የጫነ መኪና ለመቆም ረዥም መንገድ ይፈልጋል፤ በመታጠፊያ ላይ ይገለበጣል፤ ጎማውም ይፈነዳል። በጭነት ላይ ሰው አታስቀምጥ፤ የምርቱ ባለቤትም ቢሆን።

3ኛ. ዝግ ብለህ ንዳ

መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ16 ሜትር በላይ ይጓዛል። ዐይንህ ሕፃን አይቶ እግርህ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ብቻ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ30 ኪሎ ሜትር ግን በዚያው ሰከንድ ከ8 ሜትር ጥቂት ብቻ ያልፋል። ከዚህም በላይ፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚፈጀው መንገድ አራት እጥፍ ይሆናል። ጭነት ሲኖርና መንገድ በዝናብ ሲርስ ደግሞ ይህ ይብሳል።

አሁን የሚገኘውን ጥቅም አስላ። በከተማ ውስጥ የቀረህ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ በ30 የሚሄድ ሰው በ20 ደቂቃ ይደርሳል፤ በ40 የሚሄድ በ15 ደቂቃ ይደርሳል። ትርፉ 5 ደቂቃ ነው። ለ5 ደቂቃ ብሎ የሰው ነፍስና የሠፈሩን ሁሉ ምርት በአደጋ ላይ የሚጥል ምን ዓይነት ሰው ነው? «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለዚህ ነው።

ቁልቁለት ስትወርድ አስቀድመህ ዝቅተኛ ማርሽ አስገባ። በፍሬን ብቻ ብትወርድ ፍሬኑ ይግልና መያዝ ይሳነዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ ማርሽ አውጥተህ ፈጽሞ አትውረድ። እየነዳህ በስልክ አትነጋገር፤ ገዢ ቢደውል ረዳትህ ያንሣ፤ ወይም ቆመህ መልስ።

4ኛ. የከተማውን መንገድ አስቀድመህ እወቅ

ከተማ እንደ ማሳ በአንድ ቦታ ረግቶ አይኖርም። ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃን ሜዳ ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ምክንያት በብዙ አውራ ጎዳናዎች ላይ መታጠፊያና መቆሚያ ተለውጧል። «አምና እዚህ እቆም ነበር» ማለት ዛሬ ለመቆም ፈቃድ አይሆንም። በዋዜማው ለገዢው ደውለህ የምታወርድበትን ቦታ፣ የሚገባበትን በርና የምትቆምበትን ስፍራ ጠይቅ።

በአዲስ አበባ የጭነት መኪና እንዳይገባባቸው ወይም እንዳይቆምባቸው የተከለከሉ ሰዓቶችና መንገዶች አሉ። ክልከላው እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ በየጊዜውም ይሻሻላል። በወሬ አትመራ፤ የከተማውን የትራፊክ ማኔጅመንት መሥሪያ ቤት ወይም መንገድ ላይ ያገኘኸውን የትራፊክ ፖሊስ በትሕትና ጠይቅ። የአትክልት ገበያ የማለዳ ገበያ ስለ ሆነ ጎሕ ሳይቀድ የደረሰ ሾፌር ክልከላውንም፣ መጨናነቁንም፣ ፀሐዩንም ያመልጣል።

ከቃሊቲ በሳሪስ በኩል ወደ መሐል ከተማ በሚወስደው ጎዳና መካከል በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ መታጠፊያ ያለፈህ እንደ ሆነ ተመልሰህ ለመምጣት ሩቅ መሄድ ይኖርብሃል። ቢያልፍህም አትደናገጥ፤ በድንገት አትታጠፍ፤ ወደ ኋላም አትሂድ። ወደ ፊት ሄደህ በሚፈቀድበት ቦታ ተመለስ።

ወደ ሰፈር ውስጥ ስትገባ አራት ነገሮችን ተጠንቀቅ፦

አንደኛ፣ የሚታጠፍ የጭነት መኪና የኋላ ጎማው የፊት ጎማውን ዱካ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ስለዚህ ሰፋ አድርገህ ታጠፍ፤ ከጥጉ ላይ ሰው ቆሞ እንደ ሆነ እስኪያልፍ ጠብቅ።

ሁለተኛ፣ ወደ ላይ እይ። በሰፈር መንገድ ላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የመብራትና የስልክ ሽቦ አለ።

ሦስተኛ፣ ወደ ታች እይ። የቦይ ክዳን ለእግረኛ እንጂ ለጭነት መኪና አልተሠራም። ጎማህ በክዳን ላይ ከወጣ ክዳኑ ይሰበራል፤ መኪናውም ይጋደማል።

አራተኛ፣ ወደ ጎን እይ። ታክሲ ሰው ለማውረድ በድንገት ይቆማል። በመርካቶ ተሸካሚውና ባለጋሪው መንገዱን ይጋሩሃል። የተሸከመ ሰው ራሱን አዙሮ አያይህም፤ አንተ እርሱን እይ። ክላክስህን በማስደንገጥ ሳይሆን በማሳወቅ ተጠቀምበት።

5ኛ. ወርደህ እይ

በከተማ ዕቃ ማድረስ ውስጥ እጅግ የሚያስፈራው ጊዜ መኪናው ወደ ኋላ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ከጭነት መኪና በስተኋላ፣ ከሣጥኑ ሥር፣ በስፖኪዮ የማይታይ ሰፊ ቦታ አለ። ሕፃን እዚያ ቆሞ ሊጫወት ይችላል፤ ሴት ጉሊት ዘርግታ ተቀምጣ ልትኖር ትችላለች፤ የገዛ ረዳትህ ጎንበስ ብሎ ገመድ ሊፈታ ይችላል። አንተ ግን ባዶ ይመስልሃል።

ስለዚህ ይህን ሕግ ከልብህ ጻፍ፦ ወደ ኋላ ከመሄድህ በፊት ሁልጊዜ ከመኪናህ ወርደህ ዙሪያውን በእግርህ ዙር። አይተህ እንደ ጨረስህ ወዲያው ግባና ዝግ ብለህ ሂድ፤ ቆይተህ ከሆነ እንደገና ወርደህ እይ።

መሪ የሚሰጥህ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አምስት ሰው «ና! ና! በቃ!» ሲል የማንን ትሰማለህ? ያ አንድ ሰው በአንተ በኩል፣ በግራ ስፖኪዮህ ውስጥ በሚታይህ ስፍራ ይቁም፤ በመኪናው ጀርባና በግድግዳ መካከል ፈጽሞ አይቁም። ከዐይንህ በተሰወረ ጊዜ ሳትጠብቅ ቁም። ምልክቶቹን አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ በገበያ ጫጫታ ውስጥ ድምፅ አይሰማምና በእጅ ምልክት ሥሩ። የሚቻል ከሆነ ግን ከሁሉ የሚሻለው ወደ ኋላ አለመሄድ ነው። ዞሮ ለመውጣት በሚመች በኩል ግባ።

ስትቆም የእጅ ፍሬን ያዝ፤ ሞተሩን አጥፋ፤ ቁልፉን ይዘህ ውረድ። ዳገት ከሆነ ከጎማው ሥር ታኮ ወይም ጠንካራ ድንጋይ አስገባ። ስፖንዳውን ስትከፍት ወደ ጎን ቆመህ ክፈት፤ በመንገድ የተንሸራተተ ሣጥን በሚከፍተው ሰው ላይ ይወድቃልና። ዕቃው በመኪና መንገድ በኩል ሳይሆን በእግረኛ መንገድ በኩል ይውረድ።

6ኛ. ቆጥረህ አስረክብ

ሲጫን ከማኅበሩ ተወካይ ጋር ቁጠር፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ሲወርድ ከገዢው ጋር ቁጠር፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ደረሰኙ ሁለት ቅጂ ይኑረው፦ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ለማኅበሩ። በደረሰኙ ላይ ቀኑ፣ የሣጥኑ ብዛት፣ ክብደቱ፣ ዋጋው፣ ተመላሽ የሆነውና የተመለሰበት ምክንያት ይጻፍ።

በየጉዞው 4 ሣጥን ብቻ «ሳይታወቅ» ቢጎድል፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚመላለስ መኪና 12 ሣጥን ይሆናል፤ በአራት ሳምንት 48 ሣጥን። ገበሬው ይህን ጉድለት ሾፌሩ ሰረቀው ይላል፤ ሾፌሩ አውራጁ ወሰደው ይላል፤ አውራጁ ገዢው አታለለ ይላል። የተፈረመ ወረቀት ካለ ግን ጭቅጭቅ የለም። ደረሰኝ የገበሬውን ምርት ብቻ ሳይሆን የአንተንም ስም ይጠብቃል።

ሚዛኑን ሳትፈትሽ አታስመዝን። ባዶውን ሳለ በዜሮ ላይ መቆሙን እይ። ጀሪካን ይዘህ ሂድ፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። መጀመሪያ ባዶውን ጀሪካን መዝን፤ ቀጥሎ 20 ሊትር ውሃ ሞልተህ መዝን። ልዩነቱ 20 ኪሎ ካልሆነ ሚዛኑ ይዋሻል።

የጫኝና አውራጆችን ዋጋ ሣጥን ሳይወርድ ተስማማ። ደላላ መጥቶ «ገበያው ወድቋል፤ በዚህ ዋጋ ስጠኝ» ቢልህ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የአንተ አይደለም፤ ለማኅበሩ ደውል። ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዘህ በሌሊት አትጓዝ፤ ገዢው ወደ ማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ያስገባ። ገንዘቡ መግባቱንም ከማኅበሩ ሳታረጋግጥ አትነሣ። ባዶውን ሣጥን ቆጥረህ መመለስም የአደራህ ክፍል ነው።

7ኛ. አደጋ ቢደርስ

ቁም። መኪናህን አጥፍተህ የአደጋ መብራትህን አብራ፤ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላህ ራቅ አድርገህ አኑር። የተጎዳ ሰው ካለ ለፖሊስ በ991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ደውል። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገህ ያዝ። የወደቀውን ሰው ሌላ አደጋ ካላሰጋው በቀር አታገላብጠው። ቲማቲሙን ለመሰብሰብ አትሩጥ፤ ሰው ይቀድማል። ጥሎ መሸሽ በሕግም ወንጀል ነው፤ በሰው ዘንድም ነውር ነው።

8ኛ. የማኅበሩ ድርሻ

አሁን ለእናንተ ለምርቱ ባለቤቶች እንናገራለን። ብዙ ጊዜ ሾፌርን የሚያስቸኩለው የገዛ አሠሪው ነው። «ዛሬ ሁለት ጊዜ ካልተመላለስህ» የሚለው፣ «አሥር ሣጥን ብትጨምር ምን ይሆናል?» የሚለው፣ ለቅሞ ሳይጨርስ መኪናውን እስከ እኩለ ሌሊት አቁሞ ከዚያ በኋላ «ፈጥነህ ድረስ» የሚለው እርሱ ነው። እንዲህ እያደረጋችሁ «ዝግ ብለህ ንዳ» ብትሉት ቃላችሁ ከሥራችሁ ጋር አይስማማም።

ስለዚህ ምርቱ መኪናው ሳይመጣ ተለቅሞ፣ ተመርጦ፣ ተቆጥሮ በጥላ ሥር ይቆይ። ከሊብሬው ልክ በላይ እንዲጭን ማንም ሰው፣ ሊቀ መንበሩም ቢሆን፣ አይዘዝ። የሾፌሩ ደመወዝ በምልልሱ ብዛት ብቻ አይወሰን፤ በምልልስ ብቻ የሚከፈለው ሰው እንቅልፉን መሸጥ ይጀምራል። ለፍሬንና ለጎማ የሚሆን ገንዘብ ከእያንዳንዱ ጉዞ ተቀንሶ ይቀመጥ። አዲሱ ሾፌር ብቻውን ከመላኩ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ከነባር ሾፌር ጎን ተቀምጦ መንገዱንና ገዢዎቹን ይወቅ። ደውሎ «ደክሞኛል፤ አንድ ሰዓት እዘገያለሁ» ያለውን ሾፌር አትቆጡት፤ አመስግኑት። የምትቆጡት እንደ ሆነ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቆመ መኪና አጠገብ ስጡ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ታኮ ገብቶ፣ አንድ ባዶ የቲማቲም ሣጥን ከመኪናው ጀርባ አንድ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ተማሪዎቹ በየተራ ሾፌሩ ቦታ ላይ እየተቀመጡ በስፖኪዮ ሣጥኑን ይፈልጉ። አይታያቸውም። «በዚህ ሣጥን ፈንታ የጎረቤታችሁ ልጅ ቢሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከብዙ ቃል ይልቅ ይህ ይገባቸዋል።

ቀጥሎ እነዚህን ጥያቄዎች አንሡና ተወያዩ፦

1. ሦስት ገዢ ያለው ጭነት በምን ቅደም ተከተል ይጫናል? ለምን?

2. 150 ሣጥን ቢጫን፣ ባዶው ሣጥን 4 ኪሎ ቢመዝን፣ ሣጥኑ ብቻ ስንት ኩንታል ይሆናል? (መልስ፦ 6 ኩንታል።)

3. መሪ የሚሰጥህ ሰው ከስፖኪዮህ ቢጠፋ ምን ታደርጋለህ?

4. ገዢው ሦስት ሣጥን ተበላሽቷል ብሎ ቢመልስ በደረሰኙ ላይ ምን ይጻፋል?

5. ማኅበራችን ሾፌሩ እንዲቸኩል የሚያደርገው በምን በምን ነው? ከመጪው ለቀማ በፊት የትኛውን እናስተካክላለን?

አምስተኛውን ጥያቄ ሳትመልሱ አትነሡ። መልሱን በቃለ ጉባኤ ጻፉት፤ ሾፌሩም በጉባኤው ይገኝ።